የጓሮው ማድ ቤት ድንጋይ

ጓሮ ለሠራነው ማድ ቤት፣ በብሎኬቱ መደብ ላይ የሚነጠፈውን ድንጋይ ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ባለቤቴ «ለቤቱ እንኳ ይህን ያህል አላመነታህም» እያለች ስቃብኛለች።

ልቤ መጀመሪያ ያረፈው ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሚመጣው የዳለቲ ነጭ እምነ በረድ ላይ ነበር። መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ለምኜ አመጣሁና ጓሮ አስቀመጥኩት። እናቴ ናሙና መሆኑን ሳታውቅ ሎሚ ጨምቃ ግማሹን በላዩ ደፍታው ሄደች። ማታ ሳነሣው፣ ሎሚው በነበረበት ቦታ ወዙን ያጣ፣ በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ክብ ቀርቶ አገኘሁ። እምነ በረድ በአብዛኛው ካልሳይት ከሚባል ማዕድን የተሠራ ስለሆነ አሲድ ይበላዋል፤ ይህም እድፍ ሳይሆን የድንጋዩ የራሱ መበላት በመሆኑ፣ እንደገና ካልተወለወለ በቀር በሳሙና የሚለቅ ነገር አይደለም። የእርዱንና የቅቤውን ጉዳይ እንኳ ገና አልሞከርኩም ነበር።

ድንጋይ ቆራጩ ሰው ሠራሽ ኳርትዝ እንድወስድ መከረኝ። ለቤት ውስጥ ቢሆን እሺ እለው ነበር፤ ነገር ግን የኳርትዙን ብናኝ አጣብቆ የያዘው ሬዚን ፀሐይ ላይ ሲውል ይወይባል፣ ከእሳት የወረደ ድስትም ይጎዳዋል። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም።

ስለዚህ ወደ ግራናይት ዞርኩ። ጥቁሩን ቀትር ላይ ብነካው እጄን ወዲያው አነሣሁ፤ ግራጫው ሞቀ እንጂ አላቃጠለም። በሁለት ግራጫ ናሙናዎች ላይ አንድ አንድ ማንኪያ ውሃ አፍስሼ ሩብ ሰዓት ያህል ብጠብቅ፣ የአንዱ ገጽ ውሃውን ጠጥቶ ጠቆረ፣ በሌላው ላይ ግን ውሃው እንደ ዶቃ ተቋጥሮ ቆየ። የያዝኩት ይህንኑ ነው። ውፍረቱን 3 ሴንቲ ሜትር አደረግሁት፤ ርዝመቱ 2.40 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ክብደቱ ወደ 117 ኪሎ ይጠጋል፣ አራት ሰው ነው ያነሣው። የከሰል ምድጃው ድንጋዩን በአንድ በኩል ብቻ አግሎ እንዳያሰነጥቀው፣ ለብቻው ራቅ አድርገን አቆምነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ግትር አልኩ፤ ከፊት ጠርዙ ሥር ጣት የማታስገባ ቀጭን ቦይ እንዲቆረጥልኝ። ቆራጩ «ማን ያየዋል?» እያለ አጉረምርሞ ሠራው። ትናንት ሌሊት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣለ። ጠዋት በፒጃማ ወጥቼ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ውሃው ከቦይዋ አፍ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከሥሩ ያለው ብሎኬት ግን ደረቅ ነው።