የቪትዟ ባዶ መሪ

ደንበኛው የመጣው ለኤርባግ አልነበረም። የቪትዙ የሾፌር ቀበቶ አልጠቀለል ብሎ ተዝረክርኮ ቀርቷል። “ትራፊክ ሳይ ደረቴ ላይ ጣል አደርገዋለሁ፣ ለሌላው ኤርባግ አለኝ” አለን እየሳቀ።

የበሩን ምሰሶ ሽፋን ፈታን። ከቀበቶው መጠቅለያ ጋር የተያያዘች ባሩድ ያላት ትንሽ ቱቦ አለች። ከባድ ግጭት ሲደርስ ትቀጣጠልና ቀበቶውን ወደ ኋላ ስባ ሰውየውን ከወንበሩ ጋር ታጣብቀዋለች። አንዴ ከሠራች አበቃ፣ መቀየር ነው። የዚህችኛዋ ተተኩሳለች። ሰውየው ግን “ስገዛት ጭረት እንኳ አልነበረባትም” ብሎ ማለልን።

አለቃችን ቁልፉን ከፈተ። የኤርባጉ መብራት በራና እንደ ጤነኛ መኪና ጠፋ። “ይሄ አልጣመኝም፣ መሪውን ክፈቱ” አለ።

ባትሪውን እንደነቀልን ረዳቱ ልጅ ካቻቢቴውን ይዞ ገባ። “ቆይ!” አለው አለቃችን። “ባትሪው ተነቅሏል እኮ ጋሼ!” ልጁ ልክ ይመስላል፣ ግን የኤርባጉ ኮምፒውተር ውስጥ የራሱ የተጠራቀመ ኃይል አለ፤ በግጭት ባትሪው ቢደቅ እንኳ ኤርባጉን እንዲተኩስ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ የሚለው ለዚህ ነው። ፊት ለፊቱ ተደፍቶ እየሠራ የሚፈነዳበት ሰው አያድርገኝ።

ጠብቀን ከፈትን። ባዶ! ሽፋኑ በማስቲሽ ተለጥፏል። ቢጫዋ ሶኬት ላይ ደግሞ አንዲት ሪዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የምትገታ ትንሽ ዕቃ) ተበይዳለች። ኮምፒውተሩ ኤርባጉ መኖሩን የሚያውቀው በመስመሩ ላይ 2 ኦም ገደማ የኤሌክትሪክ እገዳ ሲያገኝ ነውና ሪዚስተሯ ኤርባግ ትመስለውና መብራቱን ያጠፋል። የቀበቶውም ሶኬት እንደዚያው ተሠርቷል። የሠራው ሰው ሙያውን በደንብ ያውቃል፣ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ደንበኛው “እሺ፣ ኤርባጉን ብቻ ግጠሙልኝ፣ ቀበቶው ይቆይ” አለ። አለቃችን እዚህ ላይ ተቀመጠና አስረዳው። ግጭቱ እንደተሰማ መጀመሪያ ቀበቶው ይወጠራል፣ ከዚያ ደረት እንዳይሰብር በልክ ይለቃል፣ ኤርባጉ ደግሞ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል 30ው ክፍል ገደማ በሚሆን ጊዜ ሞልቶ፣ ጭንቅላት ሲያርፍበት ከኋላው ባሉት ቀዳዳዎች እየተነፈሰ ይቀበላል። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ግን ኤርባጉ ገና እየፈነዳ ሳለ ይደርስበታል፣ ያኔ የሚያገኘው ቡጢ ነው። “ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ቀበቶውን ቀይር” አለው።

ቀየረ። ሪዚስተሮቹን አውጥተን መብራቱ በርቶ እንዲቆይ አደረግን። ደረሰኙ ላይ “የሾፌር ኤርባግ የለውም” ብለን ስንጽፍ ግን ፊቱ ጠቆረ። “ያቺን ጽሑፍ እንኳ ተዉልኝ ጋሼ፣ መኪናዋን ነገ ልሸጣት እችላለሁ” አለ። አለቃችን መልስ ሳይሰጠው ማኅተሙን መታበት።