ጌም በብሬ ገዝቼ ለመጫወት ደብረ ማርቆስ ላይ ያየሁት ፍዳ

እኔ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ከጎን ደሞ ፍላሽ እጭናለሁ፣ ፊልም ምናምን፣ ጌምም ጭምር። መቼስ አልዋሽም፣ የጫንኩት ጌም ሁሉ ክራክ፣ ማለትም መቆለፊያው ተሰብሮ በነጻ የሚዞር ነበር። አንቲቫይረሱን አጥፋ፣ ፎልደሩን ኮፒ አድርግ፣ ክራኩን ገልብጥበት፣ አለቀ። ከሳምንት በኋላ ያው ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ ይመጣል፣ ፋይሉ ሁሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆኖበት። እኔው ጭኜለት እኔው በብር አጸዳለታለሁ። ይሄ ነገር ትንሽ ትንሽ እየከነከነኝ መጣና ቢያንስ ለራሴ አንድ ጌም ገዝቼ ልጫወት አልኩ።

በዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል፣ ውጭ ያለውን የአክስቴን ልጅ ለመንኩት። «አንተ፣ ክራክ ጠፍቶ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ፣ ግን ገዛልኝ። 2015 ግንቦት ላይ ነው። ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ የሌሊት ፓኬጅ እየገዛሁ ሳልተኛ አወረድኩት፣ መብራት ሲጠፋ ቆሞ ሲመጣ እየቀጠለ፣ በመጨረሻ ገባ። ሁለት ወር በደስታ ተጫወትኩ።

ከዛ ክረምቱ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማዘርቦርዴን፣ የኮምፒውተሩን ዋና ቦርድ፣ ይዞት ሄደ። ሙያዬ ነውና ሌላ ገጠምኩ፣ ዊንዶውስ ጫንኩ፣ ጌሙ ያለበት ዲስክ ደህና ስለነበር ምንም አይለኝም ብዬ ከፈትኩት። «ከሰርቨር ጋር ተገናኝ» አለኝ። በምን ልገናኝ? ያኔ ሞባይል ዳታ በክልሉ ተዘግቶ ነበር። ጌሙ የሚያውቀው የድሮውን ኮምፒውተር ነው፣ ቦርዱ ሲቀየር እኔን እንደ አዲስ ሰው፣ ምናልባትም እንደ ሌባ ነው የቆጠረኝ።

በጣም ያናደደኝ ደሞ ያንኑ ጌም ፊት ለፊታችን ያለው ልጅ በክራክ ቀኑን ሙሉ ይጫወታል፣ ድምፁ እኔ ሱቅ ድረስ ይሰማል። እማዬ ቡና ልታጠጣኝ መጥታ ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው አለችኝና አስረዳኋት። «በገንዘብህ ገዝተህ እንደገና ፈቃድ የምትለምንበት ምን ዓይነት ዕቃ ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

በኋላ ኔት ሳገኝ ስለዚህ ነገር፣ ጌም እንዳይገለበጥ ስለሚደረግበት መቆለፊያ፣ ማንበብ ጀመርኩ፣ ለካ ሰው ሲጣላበት የኖረ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ስፖር የሚባለው ጌም ሲወጣ ሴኪዩሮም የሚባል መቆለፊያ ነበረው፣ ሦስት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው አክቲቬት የሚሆነው፣ ማለትም ተመዝግቦ የሚከፈተው፣ ሰው አማዞን ላይ አንድ ኮከብ እየሰጠ ሲያወርድበት ወደ አምስት ከፍ አደረጉት። በዛው ላይ በዛ ዓመት በክራክ በብዛት ከወረዱት ጌሞች አንዱ እሱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩቢሶፍት የሚባለው ጌም ሰሪ ደሞ ብቻህን ስትጫወት ራሱ ኔት ካልኖረ አይሰራም ብሎ መጣ፣ ሰርቨሩ ሲጠቃ ገዝተው ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ውጭ ቀሩ። እነሱ ለጥቂት ሰዓት ሲጠፋባቸው ዓለምን አናወጧት፣ እኛ ጋ ወር ሲጠፋ ማን ይሰማል። በሲዲ የገዙትም አልዳኑም፣ ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ሴፍዲስክ የሚባለው የድሮ መቆለፊያ የሚጠቀምበት ድራይቨር፣ ዊንዶውስ ውስጥ የሚገባ ረዳት ፕሮግራም፣ የደህንነት ችግር አለበት ተብሎ ቀረ፣ ሲዲው እጅህ ላይ ሆኖ ጌሙ አይነሳም።

የአሁኑ ዋና መቆለፊያ ዴኑቮ ነው፣ የኦስትሪያ ሰዎች የሰሩት፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። እዚህ ጋ ግን ካምፓኒዎቹን ብቻ መሳደብ አይሆንልኝም። ክርክራቸው ይገባኛል፣ ጌም ብዙ የሚሸጠው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፣ እነሱን ሳምንታት ከጠበቅክ የሰራተኛ ደሞዝ ወጣ ማለት ነው። እኔም የሶፍትዌር ሌባ ሆኜ ኖሬ፣ በአገራችን አዋጅ 410/1996 ራሱ የኮምፒውተር ፕሮግራምን በቅጂ መብት እንደሚጠብቅ እያወቅኩ፣ ንጹህ ነኝ ልል አልችልም። የማይገባኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ሬዚደንት ኢቪል 7 የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ በሳምንት ውስጥ ተሰበረ። ከተሰበረ በኋላ መቆለፊያው ማንን ነው የሚጠብቀው? ሰባሪው ገብቶ ወጥቷል፣ በር ላይ የቀረው የከፈለው ሰውዬ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄ ነው። አንዳንዶቹ ከወራት በኋላ ያነሱታል፣ እነሱን አመሰግናለሁ፣ አንዳንዱ ግን ለዓመታት ይተወዋል።

እና ምን አደረግኩ፣ ጎግ የሚባል የኢንተርኔት ሱቅ አገኘሁ፣ የፖላንዶቹ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ፣ ጌሙን ያለ መቆለፊያ ነው የሚሸጡት፣ ኢንስቶለሩን፣ መጫኛ ፋይሉን፣ አውርደህ ዲስክህ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ከዛ በኋላ ማንንም አትጠይቅም። የአክስቴ ልጅ አሁንም እየሳቀ ሦስት የድሮ ጌም ገዛልኝ። እኔ መንገድ ሲከፈት ለዕቃ አዲስ አበባ ስሄድ ጓደኛዬ ቤት ዋይፋይ ላይ ሁለት ሌሊት አወረድኩ፣ አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጬ በጋቢ ጠቅልዬ አባይን ተሻገርኩ።

ማርቆስ ደርሼ ስከፍተው ከሦስቱ አንዱ እምቢ አለ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መኪናው ሊያመልጠኝ ሲል ኮፒው ሳያልቅ ነው ኬብሉን የነቀልኩት፣ ትልቅ ጌም ከኢንስቶለሩ ጋር ብዙ ተከታታይ ፋይል ሆኖ ነው የሚመጣው፣ አንዷ ከጎደለች ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። አንዲት ፋይል ለማምጣት ሁለት ወር ጠበቅኩ። አሁን እዛው አዲስ አበባ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ኔቱን አጥፍቼ ጭኜ፣ ከፍቼ፣ ሴቭ አድርጌ ሳላይ ዲስኩን አልነቅልም። ስቲም የሚባለው የኢንተርኔት ጌም ሱቅ ላይ ስገዛም መጀመሪያ የጌሙ ገጽ ላይ በስተቀኝ ያለችውን ማሳሰቢያ ነው የማየው፣ የሦስተኛ ወገን መቆለፊያ አለው ካለ እተወዋለሁ፣ ከሌለውም ኦፍላይን ሞዱን፣ ያለ ኔት የሚያጫውተውን፣ ኔት እያለ አብርቼ እሞክረዋለሁ፣ ኔት ከጠፋ በኋላ መሞከር ዋጋ የለውም፣ መጀመሪያ አንዴ መግባት አለብህ።

ታናሽ ወንድሜ አሁን ዳታ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም፣ መብራት ይኑር እንጂ ይጫወታል።

ባለፈው ሳምንት ደሞ የፊት ለፊቱ ልጅ መጣ። የሱ ክራክ ዊንዶውሱን በልቶበት ላፕቶፑን ላጸዳለት ነው። ወንድሜ ሲጫወት አይቶ ምንም ክራክ ሳይፈልግ እንደሚሰራ ሲነግረው ዓይኑ በራ፣ ሮጦ ሄዶ 64 ጊጋ ፍላሽ ይዞ መጣና «ጋሼ ይቺን ብቻ ጫንልኝ፣ የፈለግከውን ልክፈል» አለኝ። ደግሞ እኮ ይቻላል፣ ኮፒ ፔስት ነው፣ የሚከለክል ነገር የለውም። እነዛ መቆለፊያ የሚያደርጉት ሰዎች የሚፈሩት ይሄንኑ ልጅ ነው፣ እኔንም ጭምር። ላፕቶፑን አጽድቼ ሰጠሁት፣ ፍላሹን ነገ ና ብዬው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁለቴ ተመላልሷል፣ ሁለቴም መብራት የለም አልኩት። አንዴ እውነት ነበር።