የነፍሰ ጡር እህቴ የሀበሻ ቀሚስና እምቢ ያለው ጥለት

ጥር ላይ በነበረብን ሰርግ እህቴ የለበሰችው ቀሚስ የእኔ እጅ ሥራ ነው። ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። አክስቶቻችን "ከየት ገዛሽው?" ሲሏት በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። በቃ፣ ኮራሁ!

ስለ ጅማሬዬ ብዙ አልልም። በእናቴ ባለ ፔዳል ሲንጀር የትራስ ልብስና መጋረጃ፣ ቀጥሎ የቤት ቀሚስ። አብዛኞቻችን የመጣንበት መንገድ ነው። ከዚያ እህቴ አረገዘች፣ ሱሪዎቿም ተራ በተራ እምቢ አሏት።

ብዙ ሰፊዎች ለነፍሰ ጡር መስፋት ማለት ማስፋት ብቻ ይመስላቸዋል። ከላይ እስከ ታች ይለቁታል፣ ሴትዮዋ ድንኳን የለበሰች መስላ ትወጣለች። እኔን ያስቸገረኝ ግን ርዝመቱ ነው። ጨርቁ ሆድ ላይ ወጥቶ ስለሚወርድ ከፊት በኩል መንገዱ ይረዝማል። ያ ካልታሰበበት ከኋላ መሬት ሊነካ የደረሰ ቀሚስ ከፊት ተሰቅሎ ይቀራል።

ተራ ጨርቅ ከሆነ ቀላል ነው። የፊቱን ጫፍ ወደ ታች ጎበጥ አድርጎ መቁረጥ፣ ወይም ትርፉን ጎን ላይ ሸብሸብ ማድረግ ይቻላል። የሀበሻ ቀሚስ ላይ ግን ጫፉን አትነኩትም። ጥለቱ ከሸማው ጋር አብሮ፣ ቀጥ ብሎ የተሸመነ ነው። ጎበጥ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁ የሸማኔውን ልፋት በመቀስ በላችሁት ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሌሊት የቆዘምኩት።

መላው የተገኘው ከላይ ነው። ቀሚሱን ከጡት ሥር ለሁለት ከፈልኩት። የታችኛውን ክፍል ጥለቱን ሳልነካ፣ የላይኛውን ጠርዝ ከፊት በኩል መሃሉ ላይ ከፍ፣ ወደ ጎንና ጎን እየቀነሰ እንዲሄድ አድርጌ ቆረጥኩት። ከዚያ ሸብሽቤ ከደረቱ ጋር ገጠምኩት። ጥለቱ ዙሪያውን እኩል ወረደ።

ምን ያህል ከፍ ይበል? ቀጥ ብላ ትቁም። ከጡት ሥር ጀምራችሁ በሆዷ ላይ አሳልፋችሁ እስከ ወለል ለኩ። ከኋላም ከዚያው ከፍታ ተነስታችሁ ለኩ። ልዩነቱን ነው የምትጨምሩት። የእህቴ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ግን ያኔ ስድስተኛ ወሯ ነው፣ ሰርጉ ደግሞ ስምንተኛው ላይ። ስለዚህ ሌላ 4 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ትቼ ወደ ውስጥ አጠፍኩና በእጅ፣ ላላ አድርጌ ሰፋሁት። ሰርጉ ሲቃረብ ፈትቼ ለቀቅ አደረግኩላት።

ሸማውን ሳትቆርጡ እጠቡት። ጥጥ ነው፣ ይሰበሰባል። ሻጯ "ኧረ አይሰበሰብም" ብትላችሁም እጠቡት። ገበሩም ስስ ጥጥ ይሁን። ሳቲን ያምራል፣ ግን ለነፍሰ ጡር ሙቀት ነው። ሆድ ላይ የሚያጠብቅ ላስቲክ ደግሞ ጭራሽ አልወድም። እህቴን ቃር እየገደላት ነበር። እናታችን "ልጁ ፀጉራም ሊሆን ነው" እያለች ትስቃለች።

ከማሽን በፊት በእጅ ሰፍቶ መሞከር ግዴታ ነው። ይህን ለሁሉም እመክራለሁ፣ እኔ ግን ትዕግሥቱ ስለሌለኝ በስፒል ይዤ ነው የምነዳው። ጣቴ ምስክር ነው።

ደረቱ ላይ በግራና በቀኝ ስፌቱ ውስጥ የተደበቀ ዚፕ አስገብቻለሁ፣ ለማጥባት። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና አለ። ያን ጊዜም ይህንኑ ቀሚስ ትለብሰዋለች። ከጡት ሥር ያለውን ትርፍ መልሶ ማጠፍ ብቻ ነው።

አሁን የያዝኩት ሱሪ ነው። ወገቡን ቆርጬ ከሰልባጅ ቲሸርት ሆድ የሚሸፍን ስትሬች (የሚለጠጥ ጨርቅ) ልቀጥልበት ፈልጌ ነበር። ሲንጀሩ ግን ዚግዛግ፣ ወዲያ ወዲህ እያለ የሚሄደውን ስፌት፣ አይሰፋም። በቀጥታ ስፌት ደግሞ ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን የስትሬች መርፌ ገዛሁ። ስፌት መዝለሉ ቀነሰ፣ መበጠሱ ግን እንዳለ ነው። ለጊዜው ያችን ክፍል ሰፈር ውስጥ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ ማሽን) ላለው ሰውዬ እየከፈልኩ አሰፋለሁ። ባለ ፔዳል ማሽን ላይ ስትሬች የሰፋችሁ ካላችሁ፣ ምን ዓይነት ክር ነው የምትጠቀሙት? ሳትወልድ ድረሱልኝ።