ላደረስከው መኪና ብሮከሩ አልከፍልህም ሲል

እዚህ አሜሪካ በራሳችን ኤምሲ (የጭነት ስራ ፈቃድ ቁጥር) የሰው መኪና ጭነን የምናደርስ ልጆች ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ እዛው ነው፣ ሎዱን (ጭነቱን) አደረስኩ ብሮከሩ፣ ማለት ስራውን ከደንበኛው ተቀብሎ ለኛ የሚሰጠው ደላላ፣ ግን ስልክ አያነሳም። ሲያነሳም "አካውንቲንግ ጋ ነው ያለው፣ ዓርብ ይገባልሃል" ይላል፣ ዓርቡ ያልፋል ሌላ ዓርብ ይመጣል፣ አንተ ግን ዲዝሉን ከኪስህ ከፍለህ ጨርሰሃል ኢንሹራንሱም አይጠብቅህም። ይሉኝታችን ደግሞ ብዙ ነው፣ ሰውየው ረጋ ብሎ ካናገረን በቃ እሺ ብለን እንጠብቃለን።

መጠበቁ ነው እኮ የሚጎዳን። ፈቃድ ያለው ብሮከር በሙሉ የ75,000 ዶላር ቦንድ ወይም ትረስት (ሳይከፍል ቢቀር የሚጠየቅበት መያዣ) ማስያዝ ግዴታው ነው፣ ድሮ 10,000 ነበር እ.ኤ.አ. በ2013 ነው ከፍ ያለው። ይሄ ገንዘብ ግን ያንተ ብቻ አይደለም፣ ያልተከፈላቸው ሁሉ የሚካፈሉት ነው። መክፈል ያቃተው ብሮከር ደግሞ አንድ ሰው ላይ አያቆምም፣ አንተን ዓርብ እያለ በጎን ሌላውን ሎድ ያስጭነዋል፣ እና የሁሉም ዕዳ ተደምሮ ከቦንዱ ካለፈ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቁራጭ ነው። ስለዚህ የተስማማችሁበት ቀን እንዳለፈ በኢሜይል ጠይቅ፣ ካልመለሰ ቦንዱ ላይ ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) አስገባ። የቦንድ ካምፓኒውን ስም ለማወቅ እሱን መለመን የለብህም፣ ኤፍኤምሲኤስኤ (የጭነት መኪና ስራን የሚቆጣጠረው የፌደራል መስሪያ ቤት) ሳይት ላይ በኤምሲ ቁጥሩ ስትፈልገው ኢንሹራንስ የሚለው ውስጥ ታገኘዋለህ።

የሚጠይቁህ ወረቀት ሬት ኮንፈርሜሽን (ዋጋውን የተስማማችሁበት ወረቀት)፣ የተፈረመበት ቢል ኦፍ ሌዲንግ (ቢኦኤል፣ የጭነቱ መረከቢያ ወረቀት)፣ ኢንቮይስ እና የተጻጻፋችሁት ነው። ብሮከሩ በስልክ የነገረህን ነገ አላልኩም ማለት ይችላል፣ ስልኩን ዘግተህ ወዲያው "አሁን በስልክ ዓርብ እንከፍልሃለን ብላችሁኛል" ብለህ ኢሜይል አድርግለት። በኛ ስራ ደግሞ ከሁሉም በላይ ፎቶ ነው። መክፈል ያልፈለገ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ሰበብ መኪናው ተጭሯል የሚል ነው፣ ስለዚህ ስትጭንም ስታወርድም አራቱንም ጎን፣ ጣራውን፣ ጎማውን፣ ማይሉን አንሳ፣ ድሮም የነበረውን ጭረት ቢኦኤሉ ላይ ጻፈው፣ ተቀባዩ ቸኩሎ ቁልፉን ብቻ ስጠኝ ቢልህም ሳይፈርም አትሂድ፣ ዝናብም ይሁን ማታም ይሁን።

አንዳንዱ ሲናደድ የደንበኛውን መኪና አላወርድም ይላል። እኔ ይሄን አልደግፍም። ካሽ ኦን ዴሊቨሪ (ተቀባዩ ሲረከብ በእጅ የሚከፍልህ) ከሆነ ልክ ነህ፣ ገንዘብህን ተቀብለህ ነው ቁልፉን የምትሰጠው። ብሮከሩ ሊከፍል የተስማማበትን ግን መኪናውን ይዘህ ብትቀር ደንበኛው ለብሮከሩ ከፍሎ ጨርሶ ሊሆን ይችላል፣ ምንም አላጠፋም፣ አንተ ደግሞ ከጠያቂነት ወደ ተጠያቂነት ትዞራለህ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ መብት አለ፣ ብሮከሩ በዛ ሎድ ላይ የያዘውን ሪከርድ ልይ ብለህ መጠየቅ ትችላለህ፣ በፌደራል ህግ 49 ሲኤፍአር 371.3 ላይ ያለ ነው። ደንበኛው ስንት እንደከፈለ እዛ ላይ ይታያል። ሬት ኮንፈርሜሽን ላይ አስቀድሞ ይሄን መብት የሚያስተውህ አንቀጽ የሚያስገቡም አሉ፣ ሳትፈርም አንብበው።

ኮርት መሄድ ካለብህ ደግሞ ቀኑን ያዝ፣ ካሪየር (ጫኙ፣ ማለት አንተ) የጭነት ሂሳቡን ለማስከፈል ክስ መመስረት ያለበት በ18 ወር ውስጥ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ስሞል ክሌምስ (የትንሽ ገንዘብ ክስ የሚታይበት ኮርት) ያለ ጠበቃ ራስህ ትገባለህ።