ዜሮ ከፊት ጨምሬ የገባሁበት ጣጣ

ነገሩ የጀመረው በዜሮ ነው። የመቀመጫ ቁጥሮችን በሲ (C) የፕሮግራም ቋንቋ ስጽፍ እንዲያምሩልኝ ብዬ ሁሉንም ባለ ሦስት አሃዝ አደረግኳቸው፤ 001፣ 002፣ እንዲህ እያልኩ። 008 ላይ ኮምፓይለሩ (የጻፍኩትን ኮድ ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ፕሮግራም) እምቢ አለ። እኔም ብዙ ሳልጨነቅ የ008ን እና የ009ን ዜሮዎች አጥፍቼ ቀጠልኩ። ሠራ! ውጤቱን ሳየው ግን አስረኛው መቀመጫ 8፣ አስራ አንደኛው 9 ሆኗል። ሁለት ስምንት፣ ሁለት ዘጠኝ። ጥፋቱን የማተሚያው መስመር ላይ ስፈልግ ግማሽ ቀን አለቀ።

ለካ በሲ ከፊቱ ዜሮ ያለበት ቁጥር ኦክታል ነው፤ በአስር ሳይሆን በስምንት የሚቆጠርበት አጻጻፍ። ኦክታል ከ0 እስከ 7 ያሉትን አሃዞች ብቻ ነው የሚያውቀው። የእኛ 8 እዚያ 10 ነው፣ 64 ደግሞ 100። (ፓይተን 3 በሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ 010 ብትጽፉ ገና ከጅምሩ ስህተት ነው ይላችኋል። ደግ አደረገ።)

ማታ ተናድጄ ደብተር አወጣሁ። መቀየሩ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ለ8 እያካፈሉ ቀሪውን መያዝ። የአድዋን ዓመት፣ 1888ን፣ ሞከርኩ። ቀሪዎቹ 0፣ 4፣ 5፣ 3 መጡ። እንደመጡ ጻፍኳቸውና ተሳሳትኩ፤ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበቡት። ስለዚህ 3540።

ከዚያ ትምህርት ቤት የተማርናት የዘጠኝ ዘዴ ትዝ አለችኝ፤ አሃዞቹን ደምር፣ ድምሩ ለ9 ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል። ኦክታል ላይ አልሠራችም። ዘጠኝ ራሱ 11 ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ድምሩ 2! የሰባትን ማባዣ በኦክታል ስጽፍ ግን ደነገጥኩ፤ 7፣ 16፣ 25፣ 34፣ 43፣ 52፣ 61፣ 70። የፊተኛው በአንድ ሲወጣ የኋለኛው በአንድ ይወርዳል፣ ድምሩ ሁሌም 7። ልክ የእኛ የዘጠኝ ማባዣ! ምክንያቱ ሲገባኝ ሳቅኩ። 8 ከ7 በአንድ ብቻ ይበልጣል፣ ስለዚህ 8ም፣ 64ም፣ 512ም ለ7 ሲካፈሉ 1 ይተርፋል፤ የሚቀረው የአሃዞቹ ድምር ብቻ ነው። 3540ን ብትደምሩ 12፣ ከ12 ላይ 7 ሲነሳ 5። 1888ን ለ7 አካፍሉት፣ ቀሪው 5 ነው።

ዘጠኝስ? እሱ እዚያ የእኛን 11 ቦታ ይዟል። ብዜቶቹ 11፣ 22፣ 33 እያሉ እስከ 77 ይሄዳሉ፣ ከዚያ 110። ማረጋገጫውም ከቀኝ ጀምሮ አንዱን አሃዝ መደመር፣ ቀጣዩን መቀነስ ነው፤ ውጤቱ 0 ከሆነ ወይም ለ9 ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ጎዶሎ ቁጥር በራሱ ሲባዛ በኦክታል መጨረሻው ሁልጊዜ 1 ነው። 9 ማለት 11፣ 25 ማለት 31፣ 49 ማለት 61፣ 81 ማለት 121። መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ስትቆርጡ የሚቀሩት 1፣ 3፣ 6 እና 12 ናቸው፤ 12 ደግሞ በእኛ 10 ነው። ማለትም 1፣ 1+2፣ 1+2+3፣ 1+2+3+4። አላምን ብዬ 15ን በራሱ አባዛሁት። 225፣ በኦክታል 341። 34 በእኛ 28 ነው፣ ከ1 እስከ 7 ያሉት ሲደመሩ።

ሰዓቱን ሳይ ሌሊት ስምንት ሆኗል። የመቀመጫዎቹን ዜሮ ያጠፋሁት በማግስቱ ነው።