ፊሽካ የሚያዘው ምሰሶ

ዛሬ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ የግሪንብራየር ወንዝን ተከትሎ በሚሄደው፣ ድሮ የባቡር ሐዲድ በነበረው መንገድ ላይ የብስክሌቴ ጎማ ተነፈሰ። አንድ አዛውንት ቆመው ረዱኝ። ማስቲሹ እስኪደርቅ ከጎናችን ያለውን ነጭ የሲሚንቶ ምሰሶ አሳዩኝ። «ደብሊው» የሚል ፊደል አለበት። የባቡሩ ነጂ እዚያ ሲደርስ ፊሽካ እንዲነፋ የሚያዝ ምልክት ነበር።

«አባቴ እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ነበር የሚሠራው። እናቴ ድንች የምትጥደው ይህን ፊሽካ ስትሰማ ነው» አሉኝ።

ያቺ ድንች ከአእምሮዬ አልወጣችም። የአንድ ሰፈር ምሳ በባቡር ሰዓት ይጣድ ነበር!

ሐዲዱ ማርሊንተንና ካስ የሚባሉት ከተሞች የደረሰው በ1900 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከተራራው የተቆረጠው ስፕሩስ (ጥድ መሰል ዛፍ) በዚሁ መስመር ተጭኖ ቨርጂኒያ፣ ኮቪንግተን ወረቀት ፋብሪካ ይገባ ነበር። ደኑ ሲመነጠር ጭነቱም ሳሳ። የካስ መሰንጠቂያ በ1960 ተዘጋ። በ1978 ባቡሩ ጭራሽ ቀረ፣ ከዚያም ሐዲዱ ተነቀለ።

አሁን 125 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ የእግረኛና የብስክሌት ነው። ምሰሶዎቹን ስላልነቀሏቸው ከልቤ አመሰግናለሁ። ካስ ላይ ደግሞ የድሮዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች ዛሬም ጎብኚ ይዘው ተራራውን ይወጣሉ። በሚቀጥለው ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ፤ አብሮኝ የሚመጣ ካለ ይጻፍልኝ።