ሽማግሌው ሉካ ብራዚ

የአክስቴን ልጅ ልናጋባ ሽምግልና ስንሄድ እኔ የተመረጥኩት ለቁመናዬ ነው። «አንተ ዝም ብለህ ከኋላ ቁም» ነበር የተባልኩት። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ግን የዋናው ሽማግሌ ጉሮሮ በጉንፋን ተዘጋና «በል አንተ ጀምር» አሉኝ። ምን ይደረግ፣ አጥሩ ሥር ጥግ ይዤ ፊቴን ወደ ቆርቆሮው አዞርኩና «ልጅዎን ለልጃችን፣ ልጅዎን ለልጃችን» እያልኩ መለማመድ ያዝኩ። ለካ መኪና ይዞልን የመጣው የሙሽራው ታናሽ ወንድም በስልኩ እየቀረጸኝ ኖሯል።

ገባን። ተቀመጡ ሲሉን «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን፤ እስከዚህ ሰላም ነው። የልጅቷ አባት ቀና ብለው ሲያዩኝ ከአፌ የወጣው «ልጃችንን ለልጅዎ» ሆነ። ላስተካክል ብል ጭራሽ «ልጃችንን ለልጃችን» አልኩት። ሰውየው በእርጋታ፦ «እንግዲያውስ መጀመሪያ እናንተው ተስማሙና ኑ።»

ማታ ቪዲዮዬ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ «ሉካ ብራዚ» ተብሎ ተለቀቀ።

ይሳቁ፣ ግዴለም። ግን ሉካ እንዲህ ነበር እንዴ? ማሪዮ ፑዞ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው «ዘ ጎድፋዘር» ልብወለድ ውስጥ እኮ ሉካ የማፊያ አለቃው ነፍሰ ገዳይ፣ አገር የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው። ገና የተወለደ የገዛ ልጁን እሳት ውስጥ ያስጣለ! የወንበዴውን የአል ካፖንን ሰዎች ምን እንዳደረጋቸው እዚህ አልጽፍም፤ መጥረቢያ አለበት፣ ይበቃል። ዳይሬክተሩ ኮፖላ በ1972 ፊልሙን ሲሠራ ሉካን ሆኖ እንዲጫወት ሌኒ ሞንታና የሚባል ግዙፍ የነፃ ትግል ስፖርተኛ አመጣ። ታጋዩ የማፊያ አለቃውን የሚጫወተው ማርሎን ብራንዶ ፊት ሲቀርብ ፈርቶ ንግግሩ ጠፋበት። ኮፖላ መንተባተቡን ቆርጦ መጣል ሲችል እንዳለ አስቀረው፤ ይባስ ብሎ ሰውየው ግቢ ውስጥ ለብቻው ሲለማመድ የሚታይበትን ቦታ ጨመረበት። አንድ ሰው ስለደነገጠ ያ ሁሉ አስፈሪነት ውሃ በላው፤ ዛሬ ሉካ ሲባል ለሰው የሚታየው ጥግ ይዞ የሚያነበንብ ምስኪን ነው።

ይህንን ሁሉ በድምፅ ቀድቼ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩላቸው። ረዘም ይላል፣ አዎ። መልሱ «ፊልሙን አይተነዋል እኮ» የሚል ብቻ ሆነ።

ማን መለሰልኝ? ያው ቀራጩ። መጽሐፌን ተውሶ የቀረው እሱ ነው! ባለፈው ቤቱ ስሄድ አገኘሁት፤ ዋይፋዩ እንዲስብለት ከራውተሩ ሥር አስገብቶታል። ሳብ አድርጌ ገለጥኩት፦ ፊርማዬ አለ፣ ምልክት ያደረግኩባት የባንክ ደረሰኝም ካስቀመጥኳት ገጽ ንቅንቅ አላለችም። «ገና አልጨረስኩትም» ብሎ መልሶ ራውተሩን ጫነበት።

ልጅቷን ግን ሰጥተውናል፣ ተመስገን። ቤተ ዘመዱ በሙሉ ሉካ፣ ሉካ ሲለኝ የሰሙት የሙሽሪት እናት ትናንት የሰርግ ካርድ ላኩልን፦ «ለአቶ ሉቃስ ከነባለቤታቸው»።

ባለቤቴ ካርዱን አገላብጣ አየችና «ይሄ የጎረቤት ነው፣ ውሰድላቸው» አለችኝ።